ለመርጫው የሠራሁት ቤት

የአረም መርዝ መርጫው የሚቀመጠው አባቴና እናቴ በሚተኙበት የእንጨት መደብ ሥር ነበር። አጠገቡ ዶማ፣ መጋዝ፣ ማጭድ፣ ክዳኑ የማይገጥም የመርዝ ጠርሙስም ነበር። ከማስተምርበት ከፍኖተ ሰላም ቅዳሜ ቅዳሜ ጅጋ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ስመለስ፣ ገና ደጃፉን ሳልፍ ሽታው ጉሮሮዬን ያንቀኛል። የበሰበሰ ሽንኩርት በጋዝ ቢቀቀል እንደዚያ የሚሸት ይመስለኛል። መርጫው የተንጠባጠበበት አፈር ጠቁሮ ያዣል። እናቴ እዚያ ላይ እያሳሉ ያድራሉ።

«ውጭ ይውጣ» ስል አባቴ እሺ አይሉም። መጥረቢያቸውም አዲሱ ማረሻቸውም ከግቢ ተሰርቀዋል።

«ቁልፍ ያለው ቤት ሥራልኝና አወጣዋለሁ» አሉ።

ሠራሁ። ከባድ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ሥራ ምክንያት ማወቅ ነው። ቦታውን ነፋሱ ሽታውን ወደ ሜዳው በሚወስድበት በኩል መረጥኩ። ጎርፍ እንዳይገባ ወለሉን በድንጋይ ከፍ አደረግኩ። ምስጥ እንዳይበላቸው የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹን እግር የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባኋቸው። የበሩን ማጠፊያ ብሎኖች ከውስጥ አሰርኩ፤ ከውጭ ከሆኑ ሌባ ጓጉንቸሩን ሳይነካ በሩን ይነቅለዋል። ከጣሪያው ሥር ለአየር፣ አይጥ የማያሳልፍ ጠባብ ክፍተት ተውኩ።

የከፋው ጭቃው ነበር። ከጤፍ ጭድ ጋር ካልቦካ ግድግዳው ይሰነጣጠቃል፤ ሲቦካ ደግሞ ይገማል። በባዶ እግሬ ስረግጠው አረንጓዴ ውሃ በጣቶቼ መካከል ይወጣል፤ ነጫጭ ትሎች ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይለጠፋሉ። ጎረቤታችን አዛውንት አጥሩን ተደግፈው ይስቁብኛል።

«የኔታ፣ ለዶማ አዳራሽ ሠራህለት?»

«ሠራሁለት፣ አባባ።»

«እንግዲያ ከአካፋው ጋር ዳረውና ለድግሱ ጥራን!»

ግድግዳው ሲደርቅ ዕቃውን ሁሉ አስገብቼ ቁልፉን ለአባቴ ሰጠሁ። በሳምንቱ ስመለስ ደጃፉ ላይ ያው ሽታ ተቀበለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መርጫው ከነጠርሙሱ መደቡ ሥር ተመልሷል። ሄጄ አዲሱን ቤት ስከፍት ዶማውና መጋዙ ምስማራቸው ላይ ተሰቅለዋል፤ ወለሉ ላይ ግን የበቆሎ ዘር የሞላ ጆንያ ቆሟል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እናቴ። «ደረቅ ነው፣ አይጥ አይገባበትም፣ ይቆለፋል። ይህን የመሰለ ቤት ለመርዝ ይሰጣል?»

«ታዲያ መርዙ ከእርስዎ ሥር ይደር?»

«ከዘሩ ጋር ላድርገው? ዘሩ ይበላሻል እኮ፣ ልጄ። የእኔ እንደሆነ ሳል ብቻ ነው።»

እናቴ መርዝ ከዘር መራቅ እንዳለበት አሳምረው ያውቃሉ፤ የገዛ ሳንባቸውን ግን ከጆንያው በታች ቆጥረውታል። ከቤተሰቡም ይህ ያስደነገጠው አልነበረም። አባቴ በሩ ላይ ቆመው እየሰሙ ነበር።

«እማዬ እስኪወድቁ ነው የሚጠብቁት?» አልኳቸው።

አባቴ ጆንያውን ተሸክመው ወደ መኖሪያው ቤት አስገቡና ከግድግዳው አስደግፈው አቆሙት። ከዚያ መርጫውን በማንገቻው፣ ጠርሙሱን በአንገቱ ይዘው ወጡ። እናቴ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተከተሏቸው።

«ኧረ አይጥ ይፈጀዋል!»

«ይፍጀው» አሉ አባቴ፤ ሁለቱንም አዲሱ ቤት አስገብተው ጓጉንቸሩን ቆለፉት።

እኔ አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ መደቡ ሥር ያለውን ጥቁር አፈር በአካፋ መዛቅ ጀመርኩ። በዛቅኩ ቁጥር ሽታው ይብሳል፤ ምራቄ ራሱ መርዝ መርዝ አለኝ። ላይ ላዩን ብቻ መስሎኝ ነበር። ጥቁረቱ ግን የክንዴን ርዝመት ያህል ጠልቋል። እናቴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ስለ ዘሩ እያጉረመረሙ ያስላሉ።