አያቴ የማያውቁትን ሰው አጅበው የሚቀመጡበት ችሎት

አያቴ ልደታ ፍርድ ቤት እየሄዱ የማያውቁት ሰው ችሎት ላይ ይቀመጡ ነበር። "ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ። ታዲያ ሰው ለምን ብቻውን ይቆማል?" ይሉኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ይዘውኝ ሄዱ። ወርቅ ሰርቃለች ተብላ የተከሰሰች የቤት ሠራተኛ የፍርድ ቀኗ ነበር፤ አንድም ዘመድ አልመጣላትም። ዞር ብላ ስታየን አያቴ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው "አለን፣ ልጄ!" አሉ። ዳኛዋ "ጸጥታ!" ብለው ገሠጿቸው። በነጻ እንድትሰናበት መወሰኑ ሲነበብ ግን እኔ ራሴ ዘልዬ ተነሣሁ! ልጅቷ እየሮጠች መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ እሳቸው እንደ ሚዜ እያጨበጨቡ ይስቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። በኮንዶሚኒየማችን ግቢ የተተከለውን ድንኳን የማናውቃቸው ሰዎች ሞሉት። እናቴ አንዷን "እህቴ፣ አባባን በምን ታውቂያቸዋለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ስከሰስ ከኋላዬ ተቀምጠውልኝ ነበር።"

"ለእኔም!" አሉ አንድ አዛውንት ከማዶ።

ያ የኋላ ወንበር አሁን ባዶ መሆኑን ሳስብ ዕንባዬ መጣ። ሴትዮዋ አየችኝና "ሰኞ ችሎት አለ፤ ማን ይሄዳል?" አለች።

ድንኳኑ ውስጥ ስንት እጅ ተነሣ መሰላችሁ!