በአውራ ጣት የተሸፈነው ልክ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መቀስ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ይሁን ምላሷ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። አንዲት ደንበኛ ቀሚሱ ጠበበኝ ብላ ስትመጣባት፣ «ቀሚሱስ ያው ነው፤ አንቺን ማን አሰፋሽ?» ብላ የመለሰች ሴት ናት።

የምትሰፋው ሳሎኗ ውስጥ ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው፤ ኮምፒውተሩ ከጎኑ፣ ጨርቅ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ። ኮምፒውተሩን ያስገባችው በታላቅ እህቷ ምክንያት ነው። መቀስ አያያዝ ያስተማረቻት እሷ ናት። ሌላ ከተማ ብትኖርም እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ በቪዲዮ ይገናኙ ነበር። ታላቅየዋ የቅድ ወረቀት ካሜራው ፊት ትዘረጋለች፣ ታናሽየዋ ታያለች፣ ከዚያ ይጨቃጨቃሉ።

ኮምፒውተሩን የገጠመላት ባለሙያ፣ «የሚያዩትን ማስቀረት ከፈለጉ እነዚህን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ» ብሏት ነበር። አንደኛው ላይ መስኮት ተስሏል፤ ሌላኛው «አትም» ማለት ነው አላት። የት እንደሚቀር ግን ሳይነግራት ሄደ። እሷም እንዳይጠፉባት ሁለቱም ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። በተጫነች ቁጥር ስክሪኑ ለቅጽበት ደብዘዝ ይልና ይመለሳል። ከዚያ ማተሚያ ያላት ይመስል ወረቀት ትጠብቃለች።

«ወጣልሽ?» ትላታለች እህቷ።

«ዓይኑን ጨፍኖ ይገልጣል እንጂ ምን ይወጣዋል!»

ቢሆንም መጫኑን አልተወችም። እጇ ለምዶታል።

ታላቅ እህቷን ከሁለት ወር በፊት ደም ግፊት ጣላት። ከሆስፒታል ስትወጣ ቀኝ እጇና ምላሷ አልታዘዝ አሏት። የአንዲት ልጇ ሰርግ ደርሷል። የሙሽራዋን ቀሚስ ራሷ ጀምራው ነበር፤ የቀረው እጅጌው ነው። ያ እጅጌ የገዛ ፈጠራዋ ነው፤ ትከሻው ላይ ሦስት ሽንሽን ይዞ ክርን ላይ የሚጠብ። ለልጄ ብላ ለማንም አልሰፋችውም። የቅድ ወረቀቱን ግን በበሽታዋ ግርግር ቤት ያጸዱ ሰዎች ከቆሻሻ ጋር ጥለውታል።

ሙሽራዋ እጅጌ የሌለውን ቀሚስ ይዛ አክስቷ ቤት የመጣችው ሐሙስ ዕለት፣ ሰርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው።

«በቃ እጅጌ አይኑረው። ፋሽን ነው» አለች።

«እናትሽ እጅጌውን ሳታይ አትድርሽም። ያን ወረቀት በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ! ይሄ ደንባራ ግን አላወጣልኝም» አለችና እትዬ መቀስ ጠመኔ የተቀቡትን ቁልፎች ተጫነች። ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ።

ሙሽራዋ አፏን በእጇ ያዘች። «አክስትዬ፣ አነሳኮ! ወረቀት አያወጣም፤ ራሱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።»

የፎቶዎቹን ፎልደር ከፈተች። በውስጡ ስክሪንሾት የሚል ሌላ ፎልደር ነበረ፤ ስልሳ ሦስት ምስል ይዟል። አንዱ ላይ የሙሽራዋ እናት ታዛጋለች። አንዱ ላይ የሚታየው ግንባሯና ጣሪያው ብቻ ነው። በብዙዎቹ ላይ አፏ ተከፍቷል፤ እየተናገረች ነው። ሁለቱ ሴቶች ተራ በተራ አሳለፏቸው።

አርባ አንደኛው ላይ ወረቀቱ ተገኘ።

እትዬ መቀስ ጊዜ አላጠፋችም። ስስ ወረቀት ስክሪኑ ላይ ለጥፋ በእርሳስ ገለበጠችው። ቆርጣ ስታነሳው መዳፏን አልሞላም።

«ለአሻንጉሊት ነው የምትሰፊው?»

«ዝም በይ! ልኩን አንብቢልኝ።»

የክንዱ፣ የክርኑ፣ የቁመቱ ልክ በግልጽ ተጽፏል። የሽንሽኑ ግን ወረቀቱን በያዘው አውራ ጣት ሥር ነው።

«በግምት አድርጊዋ።»

«ሽንሽን በግምት! እናትሽ ብትሰማ እጄን ነበር የምትቆርጠው።»

እሑድን አልጠበቁም፤ ለታላቅየዋ በቪዲዮ ደወሉላት። የምታስታምማት ጎረቤት ስልኩን ትራስ አስደግፋ ፊቷ አቆመችላት። ሙሽራዋ ምስሉን እናቷ እንድታየው አደረገች።

«እታለም፣ አውራ ጣትሽ ልኩ ላይ ተቀምጧል። አንሺልኝ» አለች እትዬ መቀስ።

ታላቅ እህቷ ምስሉ ላይ ያለውን ቀኝ እጇን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ ግራ እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ። ሦስት ጣት አሳየች። ጨበጠቻቸውና ጠቋሚ ጣቷን ብቻ አቆመች፤ እሱንም ከመሃሉ አጠፈችው።

«ሦስት ተኩል?»

አንዴ ነቀነቀች። ቀጥሎ ያየቻት አስተያየት የድሮው ነው፦ ይሄንንም አንቺ አታውቂም?

እትዬ መቀስ ሁለቱን ቁልፎች ተጫነች።

«ልኩን አገኘን አይደል፤ ደግሞ ምን ታነሺያለሽ?» አለች ሙሽራዋ።

«ይቀመጥ። የት እንደሚገባ እንደሆነ አሁን አውቄያለሁ።»

ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጨርቁ ላይ ሦስት ተኩል ለካች።