የኔታን ያስቀደመው ጨዋታ

ዛሬ በፍኖተ ሰላም መናፈሻ፣ በሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ስለ አንድ ጨዋታ መሰከርኩ፤ ወዲያው አፈርኩ።

ጨዋታው ሳህን የመሰለ ፕላስቲክ ወርውሮ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው። የሰፈሩን ወጣቶች የምታሠለጥነው የወንድሜ ልጅ ናት። «ልጆቻችንን ያባልጋል» የሚል አቤቱታ ስለ ቀረበ፣ በመናፈሻው የተተከሉት ስድስት ቅርጫቶች ይነቀሉ ወይስ ይቆዩ ብለን እንድንወስን እኛ ሽማግሌዎች ተጠራን።

እኔም ሳልሞክር አልፈርድም ብዬ ጋቢዬን ለወዳጄ ለሐጂ አስይዤ ገባሁ።

የእኔ ሳህን ከግራሩ ሥር ወደቀ፤ የወጣቶቹ ቅርጫቱ አጠገብ አረፈ። ከዚያ ሁሉም ቆመው ጠበቁኝ። «የኔታ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

እስከ ስድስተኛው ቅርጫት እንዲሁ አስቀደሙኝ። እንባዬ መጣ።

ለሽማግሌዎቹም፣ «ታላቅን ማክበር ጠፋ ስንል እዚህ ተተክሎ አገኘሁት፤ አይነቀል» አልኩ። ሁሉም ተስማሙ። ሐጂ ብቻ በጋቢዬ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ስንወጣ የወንድሜን ልጅ ስላስተማረቻቸው ትሕትና መረቅኋት።

«የኔታ፣ ሕጉ እኮ ነው» አለችኝ። «ከቅርጫቱ የራቀ ነው ቀድሞ የሚወረውር።»

ምስክርነቴን ብስብ ቅርጫቶቿ ይነቀላሉ፤ ዝም ብል በሐሰት መስካሪ ሆኜ ልቀር ነው።

«ነገ ተመልሰው ይጫወቱ» አለች። «ከሁሉም ይልቅ ለቅርጫቱ ቀርበው ሳሉ ካስቀደሙዎት፣ ምስክርነትዎ እውነት ይሆናል።»

ከቅዳሴ በኋላ እሄዳለሁ። ወጣቶቹ እንደሚያከብሩኝ አልጠራጠርም፤ የቸገረኝ ለቅርጫቱ መቅረቡ ነው።

እናንተስ ወዳጆቼ፣ አክብሮት መስሏችሁ የመረቃችሁት ሕግ አለ? ጻፉልኝና ብቻዬን አልፈር።