በጀልባ የተፈጨ ገብስ

መሐል ሜዳ ገበያ የተወራው እንዲህ ነው፦ አንድ ባሕታዊ «የጥፋት ውሃ ተመልሶ ይመጣል» ብለውት ወንዳፈራሁ ጀልባ ገዝቷል፤ ሚስቱንና በጎቹን ሊጭን፣ ጎረቤቶቹን ግን ሊተው።

ውሸት ነው። ባሕታዊ አልመጡም፤ ቢመጡም ወንዳፈራሁ ተቀምጦ የሚሰማበት ትዕግሥት የለውም። ጀልባዋ ግን እውነት ናት። ሰውየው የፈለገው ወፍጮ የሚያዞርባት አሮጌ የናፍጣ ሞተሯን ነበር። ዝዋይ ዳር አግኝቶ ሊፈታት ቢታገል ብሎኖቹ ዝገው አልላቀቅ አሉት። ጀልባዋን እንዳለች በአይሱዙ ጭኖ መጣ፤ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር በድንጋይ አስደግፎ አቆማትና የሞተሯን ማዞሪያ ቺንጋ በመስኮት አሳልፎ ከወፍጮው ጋር አገናኘው።

ሲፈጥረው መቀመጥ አያውቅም። ንብ አርብቷል፣ የአውቶቡስ ረዳት ሆኗል፣ ቆርቆሮ መትቷል፤ አንዱንም አልጨረሰ። ሚስቱ ጌታነሽ ስለዚህ በዚህኛው ቃል አስገባችው፦ የአባቷ ተዝካር ገብስ በዚህች ሞተር ይፈጫል። ዛሬ ካልሆነ አህዮቹ ተጭነው ወደ አፈወርቅ ወፍጮ ይወርዳሉ። አፈወርቅ ደግሞ ለደንበኛ ሁሉ ከዱቄቱ ጋር ወሬ ይመርቃል።

ከማለዳ ጀምሮ ወንዳፈራሁ ጀልባዋ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፊልትሮዋን አጠበ፤ ከናፍጣ መስመሯ አየር አስወጣ፤ የተሰነጠቀውን የውሃ መሳቢያ ላስቲክ ከመኪና ጎማ ቆርጦ ተካ። ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሣች። ገብሱ መውረድ ሲጀምር ጋለች። አጠፋት። ስትበርድ አስነሣት፤ እንደገና ጋለች።

«አህዮቹን ላምጣ?» አለች ጌታነሽ።

«ቆይ! ቆይ አልኩሽ!»

ሐይቅ ላይ ሳለች ቀዝቃዛ ውሃ ከሥሯ ትስባለች፣ የሞቀውን በጎኗ ትደፋለች። ወንዳፈራሁ ግን ከበርሜል አጠጥቷት የተፋችውን መልሶ እዚያው በርሜል ይከተዋል። ከወንዝ በጀርባ ታዝሎ ዳገት የወጣ ውሃ ማን ይደፋል?

ጎረቤቲቱ አልጣሽ ጣቷን በርሜሉ ውስጥ ነክራ ወዲያው መንጭቃ አወጣችው።

«ኧረ ገሸለጠኝ! አንተ ሰው፣ የገዛ ሽንቷን ነው እንዴ የምታጠጣት?»

ወንዳፈራሁ በርሜሉን አየ፤ ሞተሯን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ልድፋው?»

«ድፋው እንጂ!»

«ሌላውን ማን ይቀዳልኛል?»

ጌታነሽ ወደ ጓሮ ሄደች። ለተዝካሩ ጠላ ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ጎረቤቶች ጀሪካናቸውን አዝለው ዳገቱን እየጨረሱ ነበር። «ጠላው ይቆይ፣ መጀመሪያ ጀልባዋ ትጠጣ!» ብላ ወደ በርሜሉ መለሰቻቸው።

ሞተሯ ተነሣች፤ አልጋለችም። ገብሱ ይወርዳል፣ ጎረቤት ሴቶቹ ውሃ ይገለብጣሉ፣ ወንዳፈራሁ ከጀልባዋ ወደ ወፍጮው፣ ከወፍጮው ወደ በርሜሉ ይሮጣል፤ ደህና ስትሆንበት ይብስ ይጨንቀዋል። በዚያ ውርጭ ከጎኗ የሚንዠቀዠቀውን ሙቅ ውሃ አልጣሽ ዝም ብላ አላየችም። ገንዳ ደቅና ከበግ ፀጉር የተሠራ ባናዋን ልታጥብ ከተተች፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

የመጨረሻው ገብስ አለቀ። ጌታነሽ ዱቄቱን በጣቶቿ ፈትጋ ልመቱን አየች፤ ከዚያ ማዳበሪያዎቹን ማሰር ጀመረች። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ባና ይረግጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። ወንዳፈራሁ እጁ ማጥፊያው ላይ ነው፤ ይነካዋል፣ ይተወዋል። ማንም ቀና ብሎ ባያየውም እየጮኸ ጠየቀ፦

«አሁን ባጠፋት፣ ነገ የምትነሣ ይመስላችኋል?»