ቀይ ያልቀባሁት ቀለበት

ሰሞኑን ዳባት የምሠራበትን ትምህርት ቤት በር ቀይ ሲቀቡት፣ ሽታው ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ገብቶ መጽሐፍ የምመዘግብበትን የጀመርኩትን ካርድ አስተወኝ። ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር እጄ ብሩሽ ይፈልጋል። ደባርቅ ሳለሁ ሥራዬ ቀይ መቀባት ነበር።

ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ገና ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ጠዋት እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለች ብየዳ ቤት እገባለሁ። ሳንቃ በር በሚባለው ቦታ በኩል ወደ ተራራው ለሚወጡ በቅሎ ነጂዎች የጭነት ገመድ የሚታሰርበትን የብረት ቀለበት እንሠራ ነበር። እኔ አንድ በአንድ በሲባጎ አንጠልጥዬ በመዶሻ እመታለሁ። ደህናው እንደ ደወል ረዘም አድርጎ ይጮኻል፤ ብየዳው ውስጡ ያልያዘው ግን ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። የታፈነውን ቀይ ቀብቼ ቁልፍ ባለው ሳጥን እከተዋለሁ። ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሠራው ሰው ራሱ በመጋዝ ለሁለት ይቆርጠዋል።

ይህን ሕግ ያወጡት አዛውንቱ በያጅ ነበሩ። ከመጽሐፏ ቀና አትልም እያሉ ሌሎቹ ሲስቁብኝ፣ "ተዉአት፣ ይቺ ልጅ አትቸኩልም፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው" ብለው መዶሻውን ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። አንዱ ወጣት በያጅ ቀለበቱን ባመጣ ቁጥር "ዳኛዋ፣ ዛሬስ በዋስ ትለቂኝ ይሆን?" ይለኝ ነበር። አልለቀውም ነበር።

በዚያ ክረምት የሚታፈኑት በዙ። ሁሉም በቀለበቱ ላይ የየራሱን ምልክት ስለሚመታ የማን እንደሆኑ ለማወቅ አልተቸገርኩም። የአዛውንቱ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ፣ ኤሌክትሮዱን፣ የብየዳ ዘንጉን፣ ከመጋጠሚያው ፈቀቅ እያደረጉ ያሳርፉት ነበር። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ቅዳሜ ሳጥኑ ሲከፈት ምልክቱ የበዛበትን ሰው እንደሚያሰናብት ተናግሯል።

አንድ ዓርብ ሦስት ቀለበታቸው በተከታታይ ታፈነብኝ። ቀለም ውስጥ የተነከረውን ብሩሽ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ቆርቆሮው መለስኩትና ሦስቱን ከደህናዎቹ ጋር ደባለቅኳቸው። መልካም ያደረግሁ መሰለኝ።

ለካ እሳቸው ብረት ከሚያጣብቀው ሞርሳ አጠገብ ሆነው ይሰሙ ኖሯል፤ ጆሯቸው አልደከመም። መጥተው ከክምሩ እያነሱ፣ መታ መታ እያደረጉ ሦስቱንም ለዩ። ተቆጡኝ ብል ውሸት ነው።

"ነጂዎቹ ወደ በየዳ ወረዳ ሲያልፉ ገደሉ ላይ ጭነቱ ቢፈታ፣ ከበቅሎዋ ጎን የሚሄደው ሰው ምን ይሁን?" አሉ ቀስ ብለው።

"አባባ፣ ያሰናብቱዎታል ብዬ ፈርቼ ነው።"

"አውቄያለሁ፣ ልጄ። ግን እኮ እኔ የማላየውን እሷ ትይዝልኛለች ብዬ ነበር ስበይድ የከረምኩት።"

ብሩሹን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ቀቧቸው። ቀለሙ አልፎ ጣታቸውን ነካ፤ እሱንም አላዩትም።

በማግስቱ ሦስቱን ቆረጡ። ባለቤቱ ገና ሳያሰናብታቸው የብየዳ መነጽራቸውን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና ለእያንዳንዳችን ደህና ዋሉ ብለው ወጡ። ሰኞ አልመጡም። መነጽሩን እኔ እስክለቅ ድረስ ማንም አላወረደውም።

ከተቆረጡት አንዱን ግማሽ ወስጄ ነበር። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ካርዶቼን ነፋስ እንዳይበትናቸው ይጫንልኛል። ቀለሙ ብዙው ረግፏል፤ የአውራ ጣታቸው አሻራ ያረፈበት ብቻ አለ። አንዳንዴ በእርሳሴ ጫፍ መታ አደርገዋለሁ።

ድምፅ የለውም።