ከጄኔሬተር ስር የተጠየቀ ክብር

ካምፓላ ውስጥ ክሬን በሚያከራይ ድርጅት ነው የምሠራው። ከባድ ዕቃ ከመነሳቱ በፊት እንዴት እንደሚታሰር፣ ክሬኑ የት እንደሚቆምና ሰው የት መቆም እንደሌለበት የምወስነው እኔ ነኝ። ክሬኑን የሚያንቀሳቅሰው ኡጋንዳዊ ባልደረባዬ ነው፤ እኔ በእጄ ምልክት እሰጠዋለሁ፣ እሱ እጄን እያየ ያነሳል፣ ያወርዳል። ሙያውን አዲስ አበባ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ተምሬ እዚህ ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። ያገሬ ሰዎች ግን ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «ዕቃ ማውረድ ላይ ነው ያለው» ይላሉ። ኩሊ ላለማለት የሚጨነቁ ጨዋዎች ናቸው።

የጨዋነታቸውን ልክ ያየሁት ሙየንጋ በሚባለው የካምፓላ ኮረብታ ላይ ነው።

እዚያ ትልቅ ግቢ ያለው ያገሬ ሰው አለ፤ በእህል ንግድ የከበረ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» ነበር የምለው። እዚህ ግን ሰውዬው ብለው ይበቃዋል። ግቢው ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ሠርቶ ስለነበር መብራት ሲጠፋ ሁሉን የሚያበራ ትልቅ ጄኔሬተር አስመጣ። ጄኔሬተሩ ከመኪና ላይ ተነስቶ፣ በሠራተኞች ክፍል ጣራ ላይ አልፎ፣ ጓሮ ለእሱ በተሠራ ቤት ውስጥ መቀመጥ ነበረበት። እኛ የተጠራነው ለዚያ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደረስን። በረንዳው ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሏል፣ ፍየል ይጠበሳል፣ ቢራ በበረዶ በርሜል ተነክሯል። ለካ ጄኔሬተሩ ሊመረቅ ነው። ሰው ቤቱን ሲያስመርቅ አይቻለሁ፤ ልጁን ሲያስመርቅም አይቻለሁ። ናፍጣ የሚጠጣ ሞተር ለማስመረቅ ሰው በነጭ ልብስ ተሰብስቦ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ክሬን ሲያነሳ ክብደቱን የሚሸከሙት አራት እግሮቹ ናቸው። ከእግሮቹ ስር ያለው መሬት ከከዳ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ መሬቱ ነበር።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሣር ስር ምን አለ? ጉድጓድ፣ ቱቦ፣ የውሃ ታንከር፣ የተቀበረ ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

«አለት ነው» አለኝ። «ይህን ቤት ከመሠረቱ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራህን ሥራ።»

በብረት ዘንግ ወጋ ወጋ አደረግሁት። ጠንካራ ነገር ነካ። ከየእግሩ ስር ወፍራም ሳንቃ ደርድረን ክሬኑን አቆምን። ከዚያ ጭነቱ የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ በቀይና ነጭ ገመድ አጠርኩና እንግዶቹን «እባካችሁ ከገመዱ ወዲህ አትምጡ» ብዬ ለመንኩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዱባይ ውስጥ ግንባታ ላይ እንደነበረ ሲያወራ የቆየ፣ «ዱባይ እኮ ይሄ ሁሉ የለም። ቶሎ ነው የሚያነሱት» አለ። ዱባይ ሲሚንቶ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እንደነበረ ኋላ ሰማሁ።

ጄኔሬተሩን በማንሻ ቀበቶ አስረን ከመኪናው ላይ ጥቂት ከፍ አድርገን አቆየነው። ቀበቶው ይዟል፣ ክሬኑ አልተንቀሳቀሰም፣ ሚዛኑ ጥሩ ነው። ለባልደረባዬ ቀጥል የሚል ምልክት ልሰጠው ስል ሰውዬው ገመዱን አንስቶ ሹልክ ብሎ ገባ። ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ራሱን ከጄኔሬተሩ ጋር ይቀርጻል። ላገር ቤት ዘመዶች የሚላክ ነው።

ሥራውን አስቆምኩ። «ጋሼ፣ እባክዎ ከገመዱ ውጭ ይሁኑ።»

«በገዛ ግቢዬ?» ብሎ ወደ እንግዶቹ ዞረ። እንግዶቹ ሳቁ። ወጣ። ገና ስንጀምር ተመልሶ ገባ። አሁንም አስቆምኩ፣ አሁንም ለመንኩ። «ይህ ልጅ ፈሪ ነው» አለ፤ እንግዶቹ አሁንም ሳቁ። ያን ቀን የሳቁት ሳቅ ሁሉ ከፍየሉ ጋር የተከፈላቸው ይመስል ነበር። ባልደረባዬ ከመቀመጫው ሆኖ ያየኛል። አማርኛ ባይገባውም ነገሩ ገብቶታል።

ሰውዬው ሲወጣ ቀጠልን። ጄኔሬተሩ ከፍ ብሎ፣ የክሬኑ ክንድ ቀስ እያለ ወደ ጓሮው ዞረ። ክንዱ ሲዞር ክብደቱ አብሮት ይዞራል፤ ሣሩ ላይ ባለው አንድ እግር ላይ አረፈ። ያኔ ከመሬት ውስጥ እንደ ከበሮ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሳንቃው ሲሰምጥ አየሁ። የክንዱ ጫፍ ተንገዳገደ፣ ጄኔሬተሩም መወዛወዝ ጀመረ።

ቀና ስል ሰውዬው ጭነቱ ስር ነው። መቼ እንደገባ አላየሁም። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ፈገግ ብሏል።

«አንተ!» ብዬ ጮኽኩ። «ውጣ! ውጣ ከዚያ!»

ዞረ። ወደ ላይ አላየም። ክሬኑንም አላየም። ያየው እኔን ነው። ፊቱ በቁጣ ጠቁሮ፣ ጣቱን ቀስሮ ወደ እኔ መጣ።

«ማንን ነው አንተ የምትለው?»

ይህን ብሎ አልጨረሰም። የክሬኑ እግር ከነሳንቃው ወደ ውስጥ ገባ፣ ክንዱ የሠራተኞቹ ክፍል ጣራ ላይ ተጋደመ፣ ጄኔሬተሩም ሰውዬው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ወደቀ። ባልደረባዬ ዘሎ ወረደ፤ ክርኑ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም። ሰውዬው ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ከዚያ ተመልሶ እኔን አየኝ። ቁጣው አልበረደም።

ወዲያው ሽታው መጣ። አለት የተባለው ነገር የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳን ነበር። ሲሚንቶ ተለስኖ፣ አፈር ለብሶ፣ ሣር ተተክሎበታል። ነጭ የለበሱት እንግዶች አፍንጫቸውን ይዘው በበሩ ተጋፉ። ዱባይ የነበረው ሰው ቀድሟቸው ወጣ። ፍየሉን ለማንሳት ያሰበ አልነበረም።

ክሬኑ በሌላ ክሬን ተጎትቶ ወጣ። የድርጅታችን አለቃ መጥቶ ጉድጓዱን ካየ በኋላ እኔን የሚጠይቀኝ ነገር አላገኘም። እኔም ሰውዬው ድንጋጤው ሲለቀው አንድ ቀን ይደውላል ብዬ ጠበቅሁ። የደወሉልኝ ሽማግሌዎች ናቸው።

ካባላጋላ ሰፈር አንድ ያገራችን ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ነገሩ የጉድጓዱ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። በመካከላቸው ትልቅ የሆኑት አባት ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ።

«ልጄ፣ የጠራንህ ለእርቅ ነው። ታላቅህን፣ በገዛ ቤቱ፣ እንግዳ ፊት አንተ ብለሃል።»

ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። የሚስቅ የለም።

«አባባ፣ ጄኔሬተሩ የወደቀበትን ቦታ አይተውታል?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። መሞት ለማንም አይቀርም። ክብር ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም።»

«ይውጡልኝ ብዬ ደጋግሜ ለምኛቸዋለሁ፤ አልሰሙኝም። አንተ ስላቸው ሰሙ።»

ሌላኛው ሽማግሌ ነገሩን ሊያለዝቡ ፈለጉ። «እሱስ እውነት ነው። ግን ከዚያ በኋላ ይቅርታ ማለት ትችል ነበር። አሁንም ጉልበቱን ሳም፣ ይቅር ይልሃል።»

ጉልበቱ ዛሬ ሊሳም የቻለው ስለ ጮኽኩ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰውዬው የሚሳም ጉልበት እንዲኖረው ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በላይ አልስምም አልኩና ተነሳሁ። ትዕቢተኛ ነው ብለው ፈረዱብኝ። ውሳኔው በአንድ ሳምንት ውስጥ እኔ የምኖርበት ሙቱንጎ፣ ጎረቤቴ ድረስ ደርሶ ሰላምታው ቀዘቀዘ።

ይባስ ብሎ ሰውዬው ለቤተ ክርስቲያን የስለት ጃንጥላ አስገባ። እኔም ነበርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ቆሞ መሰከረ፤ መልአኩ ትከሻውን ይዞ ከሞት እንደ ጎተተው። ሴቶቹ እልል አሉ። አጠገቤ የቆመ ሰው በክርኑ ነካ አድርጎኝ «ተአምር ነው እኮ!» አለኝ። መልአኩ ሲጎትተው ምን ብሎ እንደ ጠራው ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።

ንዴቱ እየወጣልኝ ሳለ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። የሰውዬው ሚስት ናት። እሷን ያን ቀን ከማጀት ስትወጣ ስትገባ ከማየት በቀር አላውቃትም ነበር።

«ወንድሜ፣ እንደምን ነህ? ጄኔሬተሩ ተጠግኗል። መጥታችሁ አስቀምጡልኝ።»

«ጋሼ ይፈቅዳሉ?»

«ምባራራ ነው ያለው፣ ለእህል ሄዶ። እሱ ሲኖር አትመጡም» አለች። ቀጥላም «ያን ቀን ጠዋት ነግሬው ነበር» አለችኝ። «ጉድጓዱ እዚያ ጋ ነው፣ ለሰዎቹ ንገራቸው አልኩት። በእንግዳ ፊት ስለ ሽንት ቤት አላወራም አለኝ።»

በማግስቱ ከባልደረባዬ ጋር ሄድን። የጉድጓዱን ዙሪያ በነጭ ኖራ አስምራ ጠበቀችን፤ የውሃ ቱቦው የሚያልፍበትንም አብራ አስምራለች። ድንኳንም እንግዳም የለም። ክሬኑን ከኖራው ራቅ አድርገን አቆምን፤ እሷ ሳንነግራት በረንዳው ላይ ወጥታ ቆመች። ጄኔሬተሩ በጣራው ላይ አልፎ ቦታው ላይ ቁጭ እስኪል ድረስ ከዚያ አልወረደችም። ባልደረባዬ ከክሬኑ ወርዶ ከእሷ ጋር በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ ሲሳሳቅ ሰማሁ፤ ሰውዬው ይህን ሁሉ ዓመት ኖሮ ሰላምታ እንኳ አልተማረም።

ምሳ አቀረበችልን። ስንበላ፣ «ሲመጣ ማን አስቀመጠው ብሎ ይጠይቀኛል» አለች።

«ምን ይሉታል?»

«ከናይሮቢ የመጡ ሰዎች ናቸው እለዋለሁ። አንተ መሆንህን ካወቀ እንደገና ይነቅለዋል።»

እንዳሰቡት ይበሉት አልኳት። ወጡ ጥሩ ነበር፤ ባልደረባዬ ሁለተኛ ጨመረ።