ነርስነቴን ትቼ የኦክስጅን ማሽን ስሸጥ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። የለቀቅሁት ሥራው ሰልችቶኝ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ክፍሉ ውስጥ የቀረን አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ብቻ ነበር፤ ትንፋሽ ያጠራቸው ሕፃናት ደግሞ ሦስት። ቱቦውን ከአንዱ አፍንጫ ነቅዬ ለሌላው ስሰጥ፣ ከሌላው ነቅዬ ለሦስተኛዋ ሳደርግ ዋልኩ። ሁለቱ ተረፉ። የሦስተኛዋ እናት ለምን ከልጇ ላይ እንደነቀልኩ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የክፍሉ በር ላይ ስደርስ እግሬ አልንቀሳቀስ ይለኝ ጀመር።

የሕክምና መሣሪያ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት የጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በሽያጭ ሥራ እንደሚቀጥር የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። ከሚሸጣቸው ዕቃዎች አንዱ ከአየር ላይ ኦክስጅን እየለየ የሚሰጥ ማሽን ነበር። ሲሊንደር አለቀ፣ መኪና ዘገየ ማለት ቀረ። ቱቦ ስነቅል ከምኖር ማሽኑን ላምጣላቸው አልኩ። ከልቤ ነበር።

የክፍላችን ኃላፊ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ሴት ናቸው። መርፌ አያያዝ ሳይቀር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መልቀቂያዬን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ሂጂ ልጄ፣ ይቅናሽ" አሉኝ።

ሥልጠናው አዲስ አበባ ነበር፤ ሁለት ወር ፈጀ። ግማሹን ቀን ማሽን ስንፈታና ስንገጥም እንውላለን፤ ከምሳ በኋላ ንግግር እንማራለን። አንዳችን ሐኪም ሆነን እንቀመጣለን፣ ሌላችን ሻጭ ሆነን በር እናንኳኳለን። ሐኪሙ ሰዓቱን ሲያይ ምን እንደሚባል፣ "ሌላ ቀን ተመለሱ" ሲል እንዴት ሳይቀየሙ እንደሚቆዩ። አሠልጣኛችን ቀድሞ ፋርማሲስት የነበረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። አንድ ከሰዓት እጄን አወጣሁ።

"እኛ አገር መብራት ወጣ ገባ ይላል። ማሽኑ ይችለዋል?"

"ቮልቴጅ ማስተካከያ ከሌለው ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሊቃጠል ይችላል" አለ ሳይደብቅ። "ማስተካከያው ደግሞ ከማሽኑ ጋር አይመጣም። ይህን ሲሰሙ ይፈራሉ፣ ግዢው ይጓተታል። ካልጠየቁሽ አታንሺው።"

"ከጠየቁኝስ?"

"መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል በያቸው። ውሸት አይደለም።"

ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ሐዋሳ ተመልሼ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ድሮ ክፍሌ ነው። ጃኬት ለብሼ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ ስገባ የድሮ ባልደረቦቼ ከበቡኝ። ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስነስቼ አሳየሁ። ኃላፊዋ እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆዩና፣

"እኔ ስለ ዋጋው አይደለም የምጠይቅሽ" አሉ። "እሱን ግዢ ክፍል ይጨነቅበት። እዚህ መብራቱ እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ይሄ ነገር ይችለዋል?"

አፌን ስከፍት የወጣው የተማርኩት ነው። "መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል፣ ሲስተር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። አምነውኝ ነው። ለግዢው ድጋፍ የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

ሁለት ማሽን ገባ። ጥቂት ወራት ደህና ሠሩ፤ ስልክ እየደወሉ መረቁኝ። ክረምት ሲገባ መብራቱ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረና አንደኛው ቆመ። ቦርዱ ተቃጥሏል። ምክንያቱን ያኔም ለሲስተር አልነገርኳቸውም። ዋናው ቢሮ ስደውል መለዋወጫው ከውጭ ታዞ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ስጠብቅ፣ ስደውል፣ ስጠብቅ ቆየሁ። አንድ ማለዳ የሆስፒታሉ ቴክኒሻን ደወለ፤ ሁለተኛውም ቆሟል። ከምኖርበት ከታቦር ሰፈር ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

ስደርስ የስምንት ወር ሕፃን በሳንባ ምች አልጋ ላይ ነበር፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ማሽኑ አለ ተብሎ ሲሊንደር የሚያመጣው መኪና መመላለሱን ከቀነሰ ቆይቷል። የነበረውም አልቋል፤ ሌላ ለማምጣት ሰው ተልኳል። ጃኬቴን ጥዬ ከአንዲት ነርስ እጅ አምቡ ባጉን፣ ያን በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ከረጢት፣ ተቀበልኩ። ጨመቅሁ። እናቱ ከገጠር የመጣች ናት፣ አማርኛ አትችልም። ኃላፊዋ በሲዳምኛ ያናግሯት ነበር፤ እሷ ግን ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም። ሲሊንደሩ ከመምጣቱ በፊት የልጁ ደረት ቆመ። እኔ አሁንም እጨምቅ ነበር። ኃላፊዋ እጄን ይዘው አስቆሙኝ።

እናቱን ሸኝተው ሲመለሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አገኙኝ።

"መብራቱ እንደሚያቃጥለው ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ማስተካከያ እንደሚያስፈልገው ዛሬ ገና ቴክኒሻኑ ነገረኝ። ብትነግሪኝ ከየትም ፈልጌ አመጣ ነበር እኮ።"

 ጃኬቴን ከጣልኩበት አምጥተው አቀበሉኝና፣ "እንግዲህ ይሂዱ" አሉ። አሥራ አንድ ዓመት "አንቺ" እና "ልጄ" ሲሉኝ የኖሩ ሴት አንቱ አሉኝ። ቢሰድቡኝ እንዲያ አያመኝም ነበር።

ለቢሮው የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ። በመብራት ምክንያት ለሚደርስ ብልሽት ዋስትና የለም የሚል አጭር መልስ መጣ። መለዋወጫው የገባው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ወደ ነርስነት ልመለስ ብዬ አመለከትኩ፤ ቦታዬ ተይዟል፣ አዲስ ቅጥርም የለም ተባልኩ። ሥራውን አልተውኩትም። ምን እበላለሁ?

ከወራት በኋላ እዚያው ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ያንኑ ማሽን ላሳይ ሄድኩ። ሐኪሙ ሳይጠይቀኝ ስለ ማስተካከያው ነገርኩት፤ ያለ እሱ አይግዙ አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ።

"ትናንት የመጣው የሌላ ድርጅት ሻጭ እንዲህ አላለኝም" አለ።

የገዛው ከዚያ ሰው ነው። አለቃዬ ይህን ሲሰማ አልጋና የሕፃናት ሚዛን ወደመሸጥ አዛወረኝ። ሐኪሙ ማስተካከያ ገዝቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ገብቼ ልጠይቀው አስባለሁ፤ እስካሁን አልገባሁም።